ሞጁሉ ያው፣ አፑ ያው፣ አስተባባሪዋ ሌላ

ሐይቅ ከተማ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአካውንቲንግ ዲግሪዬን የያዝኩት በርቀት ትምህርት ነው። የተመዘገብኩት በ2013 መጀመሪያ ነው። የመውጫ ፈተናውን ያለፍኩት በ2017። የተማርኩበት የኮሌጁ ማዕከል ያለው ደሴ ነው።

ሰሞኑን ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ "እንመዝገብ ወይስ ብራችንን እንያዝ?" ብለው ጠየቁኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከአንድ ሰዓት በላይ አወራኋቸው። ሌላም ሰው እንዲህ ግራ ገብቶት ይሆናል ብዬ ነው አሁን የምጽፈው። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ስሙን ብታውቁ ብዙም አይጠቅማችሁም። ያው አንዱ ኮሌጅ በየከተማው ሌላ ሌላ መልክ አለው። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳን በየዓመቱ መልኩ ሊለወጥ እንደሚችል በራሴ አይቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የተማርኩት በአንድ አስተባባሪ ሥር ነው። የቀረውን የጨረስኩት በሌላ አስተባባሪ ሥር ነው። ሞጁሉ ያው ነበር። የስልኩ አፕ ያው ነበር። ሁለቱ ክፍሎችም እዚያው ፒያሳ አካባቢ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ናቸው። የተቀየረው አንድ ሰው ነው። እኔ ግን ሁለት ኮሌጅ የተማርኩ ያህል ይሰማኛል።

ስለ ቦታው ቶሎ ልንገራችሁ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ። ሐይቅ በነጠላ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ጋቢ ያምረኛል። አንዱ ክፍል ቢሮ ነው። የብረት መደርደሪያው ሞጁል ተሞልቷል። ሌላው ሠላሳ ሰው የሚይዝ መማሪያ ክፍል ነው። በመስኮቱ ጦሳ ይታያል፣ ጉሙ ከፈቀደ። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ሱቁ ባለቤት ጋ ነው። ይህን ለሴቶች ብዬ ነው የምጽፈው። ቀኑን ሙሉ ቱቶሪያል ላላት ሴት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስመዘገብ ልቤን የወሰደው አፑ ነው። መዝጋቢዋ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሞጁል በፒዲኤፍ ይወርዳል። አሳይመንት ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። ውጤት ይታያል። "ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የምትማሪው" አለችኝ። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። ሥራ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደስ አለኝ።

አፑን አላጣጥልም። በመጀመሪያው መንፈቅ የክፍያውን ደረሰኝ ለማስገባት ብቻ ደሴ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ የሥራ ቀን ሙሉ ነው የሄደብኝ። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሲጀመር ግን ነገሩ ቀለለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐይቅ ሆኜ መክፈል ጀመርኩ። ማታ ልጄን አስተኝቼ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ችግሩ የጀመረው ጥያቄ የያዝኩ ቀን ነው።

ሞጁሉ ውስጥ ስለ ፔሮል፣ ማለትም ስለ ደመወዝ አሠራር የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። የሠራተኛ የገቢ ግብር እንዴት እንደሚቆረጥ ያሳያል። ሠንጠረዡን ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እስከ 150 ብር ከግብር ነጻ ይላል። ይህ የድሮው ሕግ ነው። በ2008 በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ እስከ 600 ብር ከፍ ብሏል። የየእርከኑ መነሻና መድረሻም ተለውጧል። እኔ ሞጁሉን የተቀበልኩት በ2013 ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ሠንጠረዥ ነው በአዲስ ሽፋን የተሰጠኝ።

ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሰው በሞጁሉ ስሌት 1,087 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበታል። በሕጉ ግን የሚቆረጥበት 697 ብር ከ50 ነበር። 390 ብር ልዩነት አለው። እኔ በየወሩ የሰው ደመወዝ የምሠራ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወዲያው ታየኝ። ፔሮል ሠርቶ የማያውቅ ተማሪ ግን እንደወረደ ነው የሚቀበለው።

በአፑ ላይ "ጥያቄ አለኝ" የሚል ቁልፍ አለ። ጻፍኩ። ወዲያው "ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በቅርቡ ምላሽ ይሰጥዎታል" የሚል መልስ መጣ። ደስ አለኝ። ሳምንት ጠበቅኩ። ወር ጠበቅኩ። እንደገና ላክሁ። ያው መልስ መጣ። የቴሌግራም ግሩፕም ነበረን። ብዙ መቶ ሰው አለበት። መጻፍ የሚችለው ግን አድሚኑ ብቻ ነው። እኛ ማስታወቂያ እናነባለን፣ ፒዲኤፍ እናወርዳለን፣ በቃ።

ቅዳሜ ቀን ሞጁሉን ይዤ ደሴ ሄድኩ። አስተባባሪው ትልቅ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን ማለት አለብኝ። አክብረው አስቀመጡኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሠንጠረዡንም አዩት። ከዚያ "ልጄ፣ እንደ ሞጁሉ ሥሪው። ፈተናው ከዚያ ነው የሚወጣው። እኛ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ካልመጣ ምንም ማድረግ አንችልም" አሉኝ።

እንዳሉት አደረግሁ። ቅዳሜ ፈተና ወረቀት ላይ 1,087 ከ50 ጻፍኩ። ሰኞ ቢሮዬ ገብቼ ለዚያው ደመወዝ 697 ከ50 ቆረጥኩ። ያን ቀን ውስጤ አዘነ። የተማርኩት ለሥራዬ ነበር። በፈተና ትክክል የሆነው ነገር በሥራዬ የሚያስጠይቅ ሆነ።

አሳይመንቶቹም እንደዚያው ናቸው። እንልካለን። ከሃያ አሥራ ስምንት፣ ከሃያ አሥራ አራት የሚል ቁጥር አፑ ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ተመልሶ አይመጣም። የት እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ማን እንዳረመውም አላውቅም። አንዳንዱ ቁጥሩም ሳይወጣ ይቀራል።

በኋላ ነገሩ ሲያሳስበኝ ስለ ርቀት ትምህርት ማንበብ ጀመርኩ። አይዛክ ፒትማን የሚባል እንግሊዛዊ በ1840 እ.ኤ.አ. የአጭር እጅ ጽሕፈት በፖስታ ያስተምር ነበር። ትምህርቱን በፖስታ ካርድ ይልካል። ተማሪዎቹ ሠርተው ይልኩለታል። እሱም አርሞ ይመልስላቸዋል። እንግዲህ ስልክ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። አርሞ ይመልሳል ግን። እንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበልም በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ያስተምር ነበር። ያኔ ትልቁ ቴክኖሎጂ እሱ ነው። ነገር ግን በቴሌቪዥኑ ብቻ አልተማመነም። ለተማሪው ቱተር መድቦለታል። ቱተሩ አሳይመንቱን አይቶ አስተያየት ጽፎበት ይመልስለታል። እኔ ሐይቅ ቁጭ ብዬ የፈለግሁት ከዚህ የበለጠ አልነበረም። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ መስመር።

ደግሞ ይህ ነገር ለእኔ ትውልድ አዲስ አይደለም። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ነው። ፕላዝማ ገና አዲስ ነበር። ሰማያዊውን ማያ ገጽ ስናይ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። መምህሩ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይናገራል። ፈጣን ነው። ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ "ጎበዝ" ብሎን ያልፋል። እኛ ጥያቄውን ገና ደብተር ላይ እየገለበጥን ነን። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። የክፍሉ መምህራችን ብዙ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የተሰጣቸው ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። በሩ አጠገብ ቆመው እንደ እኛ ያዩ ነበር። የአፑን "ጥያቄዎ ደርሶናል" ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የእሳቸው አቋቋም ነው።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲለቀቅ የማዕከሉ ኮምፒውተሮች የሉም። ሞጁሎቹ ደረጃው ላይ ተበትነዋል። ፋይል ካቢኔቱ ተሰብሯል።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ባለውለታዬ ነው። አፑ ላይ የገባው ውጤት ሁሉ አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድም አልጠፋም። ነገር ግን የሁለት መንፈቅ አሳይመንት ውጤቶች ወደ አፑ ገና አልገቡም ነበር። በወረቀት ላይ ነበሩ። ወረቀቱም አስተባባሪው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የሚገባበት ቦታ አለ፣ የሚያስገባ ኮምፒውተር ነበረ። "እስከዚህ ቀን ይግባ" ያለ ሰው ግን አልነበረም። ስምንት አሳይመንት እንደ አዲስ ሠርቻለሁ። ልጄን ታቅፌ፣ በሻማ የሠራሁት አለበት። አንዳንድ የክፍሌ ልጆች እዚያው ላይ ነው ያቋረጡት። የመርሳዋ ጓደኛዬ አንዷ ናት። ከእኔ የተሻለች ተማሪ ነበረች።

በ2015 መጀመሪያ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ቢሮ ሂሳብ እየዘጋሁ ነበር።

"እህቴ፣ የማዕከሉ አዲስ አስተባባሪ ነኝ። ጊዜ አለሽ? ምን ጎደለሽ ብዬ ልጠይቅሽ ነው።"

ዝም አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኮሌጁ የተደወለልኝ የመጀመሪያ ስልክ ነው። ከዚያ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ፔሮሉን፣ አሳይመንቱን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ። እሷ አላቋረጠችኝም። እየጻፈች እንደሆነ ይሰማኛል። መጨረሻ ላይ "አብሽሪ፣ ሁሉንም ቶሎ አልችለውም። የፔሮሉን ግን እከታተለዋለሁ" አለችኝ። በኋላ እንደሰማሁት ዝርዝር ላይ ስሙ ያለውን ተማሪ ሁሉ እንዲሁ ደውላ ጠይቃለች። በርካታ ሳምንት ፈጅቶባታል።

ከዚያ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ትልቁን የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወቂያ ብቻ ተወችው። እኛን በየከተማችን ከፈለችን። ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ መርሳ። በየግሩፑ ሁሉም ሰው መጻፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ አንድ ተጠሪ አስመረጠች። የሐይቅ ተጠሪ እኔ ሆንኩ። ማክሰኞ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ስልኳ ክፍት ነው። ሌላ ቀን ላታነሣ ትችላለች። ማክሰኞ ግን ታነሣለች። ይህን ነገር ቀላል እንዳታደርጉት። ጥያቄዬ በየትኛው ሰዓት እንደሚሰማ አወቅሁ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጥያቄ ለመሰብሰብ ደግሞ ማንበብ አለብኝ።

አሳይመንት በሦስት ሳምንት ውስጥ ታርሞ እንዲመለስ አደረገች። ደሴ ካሉ ቱተሮች ጋር በግልጽ ተስማማች። ያላረመ ቱተር ክፍያው አይፈረምለትም። የታረመውን ተጠሪዎቹ ቅዳሜ ይዘን እንመለሳለን። የመጀመሪያውን ወረቀቴን ስቀበል ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "የዋጋ ቅናሹን ረስተሻል፣ ቀሪው ጥሩ ነው" ይላል።

የፔሮሉ ጉዳይ ጊዜ ወሰደ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ጻፈች። መልስ አልመጣም። እሷ ግን እንደ ቀድሞው ትእዛዝ አልጠበቀችም። ከሁሉም ተማሪ በሞጁሎቹ ላይ ያየውን ስህተት ሰበሰበች። የሂሳብ ቱተሮቹ አዋጁን ይዘው አጣሩት። አንድ ገጽ ማረሚያ ወጣ። የ2008ቱ ሠንጠረዥ፣ የማይታረቅ አንድ የሂሳብ ሚዛን፣ ሌሎችም ትንንሽ ነገሮች። በየሞጁሉ ውስጥ በስቴፕለር ተመታ። አንዱ ቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። ከዚያ አዲስ አበባ ስትሄድ ይዛው ሄደች። በሚቀጥለው መንፈቅ የፈተናው ወረቀት ላይ ትክክለኛው ሠንጠረዥ ተያይዞ መጣ። እኔ ያን ኮርስ ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቴሌግራሙ ዝም አለ። አፑም አይከፈትም። እኔ በቃ አበቃ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። "ሜሞሪ ካርድ አለሽ? ቅዳሜ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ፈልጊ።" ቱተሮቹን በስልካቸው ድምፅ እንዲቀዱ አድርጋቸው ነበር። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ የዕቃ ክምችት ዋጋ፣ የእርጅና ቅናሽ። ካርዱ በፖስታ ታሽጎ በሚኒባስ ረዳት እጅ ሐይቅ ይመጣል። እኔ ተቀብዬ ለስምንት ሰው እገለብጣለሁ። መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል። ሲከፈት ይመጣል። ስልክ ሲሠራ ደግሞ ማክሰኞ ማታ አለች።

ያንን ቅጂ እስካሁን አላጠፋሁትም። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቱተሩ ግን በአማርኛ ነው የሚያስረዳው። ከጀርባው ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል። መካከል ላይ "እዚህ ጋ አቁሙና ወረቀት አምጡ" ይላል። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ እሰማዋለሁ። ሲያመልጠኝ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ፕላዝማው አንድም ቀን አልጠበቀኝም። ይህ ጠበቀኝ።

ማይክል ሙር የሚባል የርቀት ትምህርት ምሁር አለ። በርቀት ትምህርት የሚያሳስበው ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካው ሳይሆን በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት ነው ይላል። ክፍተቱን ከሚያጠቡት ነገሮች አንዱ ንግግር ነው። ይህን ሳነብ የእኛው አገር ነው ትዝ ያለኝ። ቤቴ ደጅ ወጥቼ ስቆም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት አቅጣጫ ይታየኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። ተማሪው ከሩቅ በእግሩ ይመጣ ነበር። የእስልምና ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ወደ ዳናና ወደ ሾንኬም እንዲሁ ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ስንቅ ይዞ ሼሁን ፍለጋ ይሄድ ነበር። የአያቴ ወንድም ከደረሶቹ አንዱ ነበሩ። ሁሉም የሚሄዱት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚያርማቸው ሰው ስላለ ነው። ወሎ ውስጥ ትምህርት ሲባል እንዲህ ነው ያደግንበት። በሜሞሪ ካርድም ቢሆን፣ በስልክም ቢሆን፣ የሚያርም ሰው ስናገኝ ነው የተማርን የሚመስለን።

ጉድለቱንም ልናገር። የአዲሷ አስተባባሪ ጊዜም ጉድለት ነበረበት። ሁሉም ነገር በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታማ ሦስት ሳምንት ስትቀር ማዕከሉ ቆመ። አሳይመንት አልታረመም፣ ማክሰኞ ስልክ አልተነሣም። ምክትል ሊኖራት ይገባ ነበር። ውጤት ከአዲስ አበባ አሁንም ይዘገያል። አፑ ያንኑ "ጥያቄዎ ደርሶናል" ይልካል። የቱተሮች ክፍያ እየዘገየ ሁለት ጥሩ ሰዎች ለቀዋል። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ግን አስቀርጻ ሁለተኛውን ቢሮ ውስጥ ሰቀለችው። ልጅ ይዛ የምትመጣ ሴትም ከክፍል አትወጣም። የእኔ ልጅ በቱቶሪያል ሰዓት ከኋላ ወንበር ላይ ስንት ቀን ተኝቷል።

የመውጫ ፈተናው ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያስፈራል። ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የመንግሥትም የግልም፣ የመደበኛም የርቀትም ተማሪ የሚፈተነው አንድ ፈተና ነው። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። የርቀት ዲግሪ በእኛ ዘንድ ሲናቅ ኖሯል። ነሐሴ 2002 ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ሲያግድ ታላቅ ወንድሜ ለመመዝገብ ብር አዘጋጅቶ ነበር። እገዳው በኋላ ቢነሣም እሱ ሐሳቡን ተወው። "የርቀት ነው" ሲባል ሰው ፊቱን እንዴት እንደሚያጨማድድ ከዚያ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ቢያንስ ያው ፈተና ነው ያለፍኩት እላለሁ።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው። እኔ ቢሮ ኮምፒውተር እነካለሁ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ግን ማውስ ይዘው አያውቁም። አስተባባሪዋ ከየት እንዳመጣቻቸው እንጃ፣ አራት ኮምፒውተር አስገባች። ቅዳሜና እሑድ በተራ፣ ለእያንዳንዳችን አርባ ደቂቃ። ከኩታበር የመጣ አንድ አባት ነበሩ፣ የቀበሌ ሠራተኛ። የመጀመሪያ ቀን ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ከጎናቸው ቁጭ ብላ "አይዞዎት ጋሼ፣ እንደ ብዕር ያዙት" አለቻቸው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ተፈትነው አልፈዋል። እኔ 63 አመጣሁ።

ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው ይህን ነው። ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት የግድ ነው፣ ይህን ሳታደርጉ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ከዚያ አፑን ሲያሳዩአችሁ እዩት፣ ጥሩ ነገር ነው። ቀጥላችሁ ግን አስተባባሪውን "ባለፈው ወር የታረመ የተማሪ አሳይመንት አሳዩኝ" በሉት። ካለ ያሳያችኋል። ማንን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ደውዬ እንደማገኝም ንገሩኝ በሉ። ስትወጡም ደረጃው ላይ የምታገኙትን ተማሪ "ማን ይደውልልሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ክፍያው ለእኔ በየመንፈቁ ከወር ደመወዜ ብዙውን ይወስድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቆጭቶኛል። በኋላ አልቆጨኝም።

መስከረም 2018 ላይ ዲግሪዬን ለመቀበል ደሴ ሄድኩ። አስተባባሪዋ ወልዳ ቤቷ ነበረች። መዝጋቢዋ ሰነዴን እስክትፈልግ ድረስ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ማረሚያው ወረቀት አሁንም እዚያው ተለጥፏል። ጫፉ ተጠቅልሏል። 600 ብር የሚለው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ 2,000 ተጽፏል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ሕግ ነው። ሥሩም የአዋጁ ቁጥር አለ። ጽሕፈቱን አየሁት። የአስተባባሪዋን እጅ ጽሕፈት በደንብ አውቀዋለሁ፣ የእሷ አልነበረም።

"ማነው ያረመው?" አልኳት መዝጋቢዋን።

ቀና ብላ አየችው። "ከከሚሴ የሚመጣ ልጅ ነው" አለች። "አንደኛ ዓመት።"